ክትፎው፣ ቆጮውና የዘነበወርቅ ገበታ፦ ተረቱና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ዘነበወርቅ አካባቢ ክትፎ ቤት ገብቶ ምሳ ያዘዘ ሰው፣ ጣባው ከቆጮ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር ሲቀርብ «አይዞህ፣ ሚጥሚጣው የኮሶ ትሉን ይገድለዋል» የሚል መካሪ አያጣም። አይገድለውም። የኮሶ ትል እጭ በበሬው ሥጋ ውስጥ በትንሽ ከረጢት ተሸፍኖ የተቀመጠ ነው። ሚጥሚጣው የሚያቃጥለው ምላሳችንን ነው፤ ከላዩ የሚጠጣው አረቄም እጩን ምንም አያደርገውም።

«ለብለብ ከሆነ ችግር የለውም» የሚሉም አሉ። ከጥሬው ቢሻልም ዋስትና ግን አይሆንም፤ ቅቤ ውስጥ ሞቅ ብሎ መሃሉ ቀይ የቀረ ሥጋ እጩን ወደሚገድለው ሙቀት፣ ማለትም ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ አልደረሰም። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ቢያንስ 10 ቀን የቆየ ሥጋ ከእጩ ነፃ ይሆናል። ቅዝቃዜ ግን ባክቴሪያን አይገድልምና ነፍሰ ጡርና ሕፃን በደንብ የበሰለውን ብቻ ይብሉ። የቄራ ማኅተምን በተመለከተ ደግሞ፣ ምርመራው በዓይንና በቢላ ስለሚደረግ ብዙ እጭ ያለበትን ሥጋ ያስቀራል፤ ጥቂት ያለበት ሊያመልጥ ይችላል። ያም ሆኖ ማኅተም የሌለው ሥጋ ፈጽሞ አይበላ። «ስንት ዘመን በልቼ ምን ሆንኩ?» ለሚልም መልስ አለ፤ ትሉ እስኪያድግ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈጃል፣ ብዙውን ሰውም ሳያሳምመው ይኖራል። መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ ይገኛል።

ቆጮ የበለጠ በደል የደረሰበት ይመስለኛል። «የችጋር ምግብ ነው»፣ «ኮምጥጧል፣ ተበላሽቷል» ይባላል። ኮምጣጣነቱ ግን እንደ እንጀራችን ሁሉ የመብላላት ውጤት ነው። ቆጮ የሚሠራበት እንሰት ከ4 እስከ 7 ዓመት ካደገ በኋላ ግንዱ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፤ ከዚያ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቀበራል። ምርጡ ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። ጉራጌን፣ ሲዳማንና ሌሎችንም ጨምሮ 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በእንሰት ይኖራል፤ ተክሉ ድርቅን ስለሚቋቋም ዝናብ ቢዘገይም በጓሮ ይጠብቃል። ይህን የመሰለ ጥበብ ለፈጠሩ እናቶች ክብር ነው የሚገባቸው። ጉድለቱ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። ከሥጋና ከአይብ ጋር መቅረቡ ታዲያ እንዴት ያለ ብልህነት ነው! ሥጋ ለማይበላ ባቄላና አተር ይተካሉ።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን ስለ ሰፈሩ የሚነገረው ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1920ዎቹ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው፤ የዛሬው አለርት ሆስፒታልም የመጣው ከዚሁ ነው። «እዚያ ምግብ አይበላም፣ ይተላለፋል» የሚል ወሬ እስካሁን ይሰማል። ሐሰት ነው። የሥጋ ደዌ አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ ወይም አጠገብ በመቀመጥ አይተላለፍም፤ የዘር በሽታም እርግማንም አይደለም። የሚተላለፈው ሕክምና ካልጀመረ ሕመምተኛ ጋር ለወራት እጅግ ተቀራርቦ በመኖር፣ ከአፍና ከአፍንጫ በሚወጣ ፍንጣቂ ነው። በ3 መድኃኒቶች ጥምረት ከ6 እስከ 12 ወር ታክሞ ይድናል፤ ሕክምናውን የጀመረ ሰውም ማስተላለፉን ያቆማል። ጣታቸው የጎደለ አባት በገበታቸው ቢያቀርቧችሁ፣ ጎደሎው የቆየ በሽታ የተወው ጠባሳ ነውና፣ እጃችሁን ታጥባችሁ ሳትጠራጠሩ አብራችሁ ብሉ።