ዘጠነኛው ማዕበል፦ ጨለማውንም ንጋቱንም የያዘ ሥዕል

ከሩሲያ ወይም ከዩክሬን የመጡ ጎረቤቶች ካሏችሁ ይህን ሥዕል ይነግሯችኋል። ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል። አረንጓዴ ባሕር፣ ወርቅ የመሰለ ሰማይ፣ በተሰበረ የመርከብ ምሰሶ ላይ ተጣብቀው ነፍሳቸውን ለማዳን የሚታገሉ ጥቂት ሰዎች። ስሙ «ዘጠነኛው ማዕበል» ይባላል።

ስሙ የመጣው ከባሕረኞች አባባል ነው። በድሮ ጊዜ መርከበኞች ማዕበል እየበረታ ይመጣል፣ ከሁሉም የሚከፋው ዘጠነኛው ነው ይሉ ነበር። ቁጥሩ እንኳ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ነገር ግን ማዕበሎች ተደራርበው ሲመጡ አንዳንዱ ከሌላው በጣም እንደሚበልጥ ባሕርን የሚያጠኑም ይናገራሉ። በሥዕሉ ላይ ሰዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ከባሕሩ ጋር ሲታገሉ አድረው፣ አሁን ገና ሊነጋ ሲል ትልቁ ማዕበል ወደ እነሱ እየመጣ ነው።

ሠዓሊው ኢቫን አይቫዞቭስኪ ነው። አርመናዊ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1817 በጥቁር ባሕር ዳር፣ በክሪሚያ ውስጥ ፌዎዶሲያ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ ነጋዴ ነበሩ፤ በከተማዋ ወረርሽኝ ከገባ በኋላ ግን ንግዳቸው ከስሮ ቤተሰቡ በችግር ይኖር ነበር። የልጁን ችሎታ ያዩ ሹማምንት ረድተውት በሴንት ፒተርስበርግ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማረ፤ ኋላም የሩሲያ የባሕር ኃይል ሠዓሊ ተባለ። ከዚህ ሁሉ ዝና በኋላ ዋና ከተማውን ትቶ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። ፌዎዶሲያ የውኃ ችግር ነበረባት። እሱም በራሱ ርስት ላይ ካለ ምንጭ ውኃ ለከተማው ሰጠ፤ በ1888 የሕዝብ መቅጃ ቦታ ተሠራ። ውኃ በእንስራ ተሸክሞ ያደገ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

«ዘጠነኛው ማዕበል»ን የሣለው በ1850 ነው። ቁመቱ ከ2 ሜትር፣ ወርዱ ከ3 ሜትር በላይ ነው፤ አንድ የሳሎን ግድግዳ ይሞላል ማለት ነው። አሁን ያለው በሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የሩሲያ ሙዚየም ነው። የሚገርመው አይቫዞቭስኪ ባሕሩን ፊት ለፊት እያየ አልነበረም የሚሥለው። ማዕበል አይቆምም፣ ብሩሽ አይደርስበትም ብሎ ያምን ስለነበር፣ ያየውን በልቡ ይዞ ቤቱ ገብቶ ከትዝታው ይሥል ነበር። በሕይወቱ ወደ 6000 የሚጠጉ ሥዕሎች እንደሠራ ይነገራል። ቀለሙንም ስስ አድርጎ ደርቦ ደርቦ ይቀባ ስለነበር፣ ብርሃኑ ውኃውን አልፎ የሚመጣ ይመስላል።

እንግዲህ ሰዎቹ ይድናሉ ወይስ አይድኑም? ሠዓሊው አልነገረንም። አንዳንዱ ማዕበሉን ያይና አለቀላቸው ይላል። ሌላው ደግሞ ፀሐይዋን ያይና ነግቶላቸዋል ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ፀሐይዋ ወጣች ብሎ ማዕበሉን ትንሽ አላደረገውም። ማዕበሉ አስፈሪ ነው ብሎም ፀሐይዋን አልሸፈናትም። ሁለቱን በአንድ ሸራ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

ይህ ለእኛም የሚነግረን ነገር አለው። ከእኛ መካከል በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሱዳን በሌሊት፣ ከቀይ ባሕር ዳር በጀልባ ተወስደው በእስራኤል የባሕር ኃይል መርከብ የመጡ አሉ። ከደጋ የመጣ ሰው ባሕርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚያ ጨለማ ነበር። ብዙዎቻችን ደግሞ በእግር ሱዳን ደርሰን ቆይተን በአውሮፕላን መጣን። በመንገድና በካምፕ የቀሩትም ወደ 4000 እንደሚጠጉ በኢየሩሳሌም፣ በሄርጽል ተራራ ባለው መታሰቢያ እናስባቸዋለን።

ለልጆቻችን ስንነግራቸው ግን ብዙ ጊዜ አንዱን ብቻ እንነግራለን። አንዳንዱ ወላጅ አውሮፕላኑን፣ መሬቱን መሳሙን፣ ደስታውን ብቻ ያወራል፤ ልጁም «ታዲያ ሌሊት ለምን ትጮሃለህ አባ?» ይላል። ሌላው ወላጅ ጭራሽ ዝም ይላል፤ «ለምን ላሳዝናቸው» ብሎ። ዝምታውም ከፍቅር ነው፣ አይፈረድም። ልጆች ግን ዝምታውን ይሰሙታል፤ የማያውቁትን ነገር በራሳቸው ሐሳብ ይሞሉታል።

በዚህ ሰንበት ወይም በሌላ ቀን የልጅ ልጆቻችሁ ሲመጡ ይህን ሥዕል በስልክ አውጡላቸውና ጠይቋቸው፦ «እነዚህ ሰዎች ምን የሚሆኑ ይመስላችኋል?» ልጆች ይመልሳሉ፤ አንዱ ይሰጥማሉ ይላል፣ አንዱ መርከብ ይመጣላቸዋል ይላል። ከዚያ በኋላ የእናንተን ማዕበል ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። ትንሹን ንገሯቸው፤ ማን እጃችሁን እንደያዘ፣ ማን እንደቀረ፣ የነጋውም ጠዋት ምን ይመስል እንደነበር።