ፍላሹ ላይ የተገኘው እንግዳ ፎልደር

በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ፣ ፍላሽ ይዞ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የገባ ሰው ይህ ፍርድ አዲስ አይሆንበትም፦ «ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፎርማት ይደረግ።» ማስረጃው ማንም ያልፈጠረው «ፋውንድ.000» የሚባል ፎልደርና በውስጡ «ፋይል0000.ሲኤችኬ» እያሉ የተደረደሩ ስሞች ናቸው።

ፎልደሩን የፈጠረው ራሱ ዊንዶውስ ነው። መምህሩ ፈተናውን ፍላሽ ላይ እየገለበጡ መብራት ቢጠፋ ወይም ፍላሹ ሳይጨርስ ቢነቀል፣ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ሰፍሮ ስሙ ሳይመዘገብ ሊቀር ይችላል። ዶሴው መደርደሪያ ላይ እያለ ከወረዳው መዝገብ ቁጥሩ እንደጎደለ ማለት ነው፤ ቦታ ይይዛል፣ የሚጠራው ግን የለም። ዊንዶውስ ዲስኩን መርምሮ ሲያርም እንዲህ ያለውን ሰብስቦ እዚያ ያኖረዋል። በብዙ ፍላሾች ላይ ያለው ፋት32 የሚባለው የፋይል አያያዝ ሥርዓት፣ እንደ ሌላው ሥርዓት እንደ ኤንቲኤፍኤስ ለውጥን አስቀድሞ የሚመዘግብበት ማስታወሻ ስለሌለው በዚህ ይበልጥ ይጠቃል።

ጥርጣሬው ከየት መጣ? ፎልደሩ ብዙውን ጊዜ የተደበቀ ነው። ሰው የሚያየው ፋይሎችን የሚደብቀውን የሾርትከት ቫይረስ ሲያሳድድ የተደበቀውን ሁሉ ሲገልጥ ነውና ከቫይረሱ ጋር አብሮ ይከሰሳል።

«ቼክ ማድረግ ምንም አይነካም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ቼክዲስክ የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ መመርመሪያ ብቻውን ሲታዘዝ አይቶ ይናገራል እንጂ አያርምም፤ የኤፍ ምልክት ሲጨመርበት ግን ዲስኩ ላይ ይጽፋል፣ ያረመውንም አይመልስም። የሠርግ ፎቶ ያለበት ፍላሽ ከሆነ በመጀመሪያ የሚነበበውን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ። እየታየ እየጠፋ የሚያስቸግር ፍላሽ ከሆነማ እርማቱን ተዉትና ለባለሙያ ስጡት።

ከእርማቱ በኋላ የሲኤችኬ ፋይሎቹን መጠን እዩ። ከበድ ያለውን ፋይል ገልብጡና የቅጂውን ስም መጨረሻ ጄፒጂ ወይም ዶክኤክስ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ያልተቆረጠ ከሆነ ይከፈታል። የሚፈለገው ከወጣ በኋላ ፎልደሩን መሰረዝ ኮምፒውተሩን አያበላሽም፤ ዊንዶውስ አይፈልገውም።

ፈጣኑ ፎርማትም ሰው እንደሚያስበው ሁሉን አይጠርግም። መዝገቡን አዲስ ያደርጋል እንጂ ይዘቱን በአብዛኛው አይነካውም፤ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ነው። ስለዚህ ፎርማት ተደርጎ የጸጸታችሁ ፍላሽ ካለ አንድ ዘፈን እንኳ አትጫኑበት፤ ፎቶሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፈልጉበት፣ የተገኘውንም ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ።