ጣሪያው ለሶላር ይሆናል?
አዲስ አበባ ላይ የፀሐይ እጥረት የለም፤ ወሳኙ ጣሪያው ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ አብዛኛውን ዓመት ፀሐይ በእኩለ ቀን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ፓነሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢያጋድል ይመረጣል፤ ዝናብም አቧራውን አጥቦለት ይወርዳል። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የዞረ ጣሪያም ቢሆን ብዙ አይጎዳም።

እጅግ የሚጎዳው ጥላ ነው። የፓነሉ ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው የውኃ ታንከር ወይም የጎረቤት ፎቅ ጥላ አንድ ጥግ ላይ ሲያርፍ፣ ከተሸፈነው ስፋት በላይ ኃይል ይቀንሳል። ጥላው ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፣ በታኅሣሥም በሰኔም መታየት አለበት፤ በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለችና።

400 ዋት የሚያመነጭ ፓነል 2 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋትና 20 ኪሎ ገደማ ክብደት አለው፤ ነፋስም ከሥሩ ገብቶ ያነሣዋል። ማሰሪያው ከቆርቆሮው አልፎ ማገሩን መያዝ አለበት። ምስጥ የበላው የባሕር ዛፍ ማገር አስቀድሞ ይቀየር።

የክረምት ደመና ምርቱን ስለሚቀንስ ስሌቱ በሐምሌና በነሐሴ ልክ ይሠራ። መብራት፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ አያስቸግሩም፤ 3 ኪሎዋት ገደማ የሚስበው የእንጀራ ምጣድ ግን ትልቅ ባትሪና ኢንቨርተር ይጠይቃል።