ከጓዳ በኩል፦ የታይላንዱ ዓሣ ጥብስ

ጠጋ በሉ፤ ይህን አስተናጋጁ አይነግራችሁም። በታይላንድ ምግብ ቤት ኩርሽም የሚል ዓሣ አዝዛችሁ አጠገቡ ቀላ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ ጣፋጭ ማጥቀሻ ከመጣላችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከጠርሙስ የተቀዳ ነው። ታይላንዶች እሱን ናም ጂም ካይ ይሉታል፤ የዶሮ ማጥቀሻ ነው። ለዓሣና ለባሕር ምግብ የሚወቅጡት ሌላ ነው፦ ናም ጂም ታሌ። ቀጭን፣ ኮምጣጣና አፍ የሚያቃጥል፣ የጥብሱን ቅባት ቁርጥ የሚያደርግ ነው። እሱን የቀመሰ ወደ ጠርሙሱ የሚመለስ አይመስለኝም።

ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን መጥበሻው። እኛ ዘይት ፊት የምንቆም ሰዎች ጠላታችን አንድ ነው፤ ውሃ። ዓሣው ሲታጠብ የያዘው እርጥበት ከሥር እየወጣ ሊጡን ያለሰልሰዋል። ስለዚህ የተቆረጠው ዓሣ ጨው ይነሰነስበታል፣ ሳይከደን ለጥቂት ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይደርቃል። ደረቅ ዱቄት ከለበሰ በኋላ ነው ሊጥ የሚነካው። ይህን ደረጃ የሚዘል ወጥ ቤት ምንም ዓይነት ዱቄት ቢገዛ አይድንም።

ሊጡ በአብዛኛው የሩዝ ዱቄት ነው። የስንዴ ዱቄት ሲታሽ ግሉተኑ ይሳሳብና ቅርፊቱን እንደ ቆዳ ያጠነክረዋል፤ ሩዝ ግን ግሉተን የለውም። ሁለት እጅ ሩዝ፣ አንድ እጅ ስንዴ ለማያያዣ፣ ከዚያ በጣም የቀዘቀዘ ባለ ጋዝ ውሃ። እኛ ዘንድ አምቦ ውሃ ይህን ሥራ አሳምሮ ይሠራል። በሁለት ሦስት ማማሰል ይበቃል፤ ጓል ቢኖርበት አትጨነቁ። ታይላንድ ውስጥ የቆዩት ጠባሾች ከዚህም ያለፈ ዘዴ አላቸው፦ ለምግብ የሚሆነውን ሮዝ ኖራ ውሃ ውስጥ በጥብጠው ያጠልሉታል፤ ላይ የሚቀረውን የጠራ ውሃ ሊጡ ውስጥ ይጨምራሉ። የግንብ ኖራ እንዳይመስላችሁ፤ እሱን ፈጽሞ እንዳትነኩት።

ዘይቱ መጀመሪያ 160 ዲግሪ ገደማ፣ ዓሣው እስኪበስል ብቻ። ይወጣል፣ ያርፋል። ሁለተኛው ዙር 180 ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል፤ ቀለሙም ኩርሽምታውም የሚመጣው እዚህ ነው። ብዙ ቁራጭ ባንዴ ከከተታችሁ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ሊጡ ዘይት ይጠጣል። አረፋውን አዳምጡት፤ እንፋሎት ሆኖ የሚወጣው ውሃው ነው፤ ድምፁ ሲበርድ ጊዜው ደርሷል። ከዚያ በሽቦ ወንፊት ላይ ይንጠፍጠፍ እንጂ በሳህን ላይ አይደረደር፤ ክዳን ደግሞ ዞር አይበልበት። በተዘጋ ዕቃ እስከ ቤት የተላከ ዓሣ ለምን እንደሚለሰልስ አሁን ገባችሁ፤ የራሱ እንፋሎት ነው የቀቀለው።

የትኛው ዓሣ? እዚህ ላይ ደስ የሚለኝን ነገር ልንገራችሁ። ታይላንድ ውስጥ በየገበያው ከሚታዩት ዓሣዎች አንዱ ፕላ ኒን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1965 የጃፓኑ አልጋ ወራሽ አኪሂቶ 50 የናይል ቲላፒያዎች ለንጉሥ ቡሚቦል ላኩ፤ በቺትራላዳ ቤተ መንግሥት ኩሬ ተባዙ፤ ከዚያ ለአርቢዎች እየተከፋፈሉ አገሩን አዳረሱ። ያ ዓሣ የኛው ቆሮሶ ነው፤ ከጣናና ከሐዋሳ የሚወጣው። ውድ የቀዘቀዘ ዓሣ ፍለጋ አትንከራተቱ።

አሁን ማጥቀሻው። ነጭ ሽንኩርት አራት አምስት ፍንካች፣ ልባችሁ የቻለውን ያህል ትናንሽ አረንጓዴ ቃሪያ፣ ከድንብላል ተክል ደግሞ ሥሩ። አዎ፣ ሥሩ፤ ቅጠሉን የሚያውቅ ብዙ ነው፣ ጠረኑን የሚያጠልቀው ግን እሱ ነው። ካጣችሁ ግንዱን ተጠቀሙ። በትንሽ ጨው በሙቀጫ ይወቀጥ። መፍጫ ማሽን ይቆራርጠዋል፤ ሙቀጫ ግን ጨምቆ ዘይቱን ያወጣዋል፤ ልዩነቱ አፍ ላይ ይታወቃል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የዘንባባ ስኳር ጨምሩበት፤ ከሌለ ቡናማ ስኳር። ቀጥሎ ሁለት ማንኪያ ናም ፕላ፤ ትናንሽ ዓሣዎች ከጨው ጋር በጋን ከዓመት በላይ ተቀምጠው የሚያወጡት ፈሳሽ ነው። ጠርሙሱን ገልብጣችሁ አንብቡ፤ ዓሣና ጨው ቀዳሚ ካልሆኑ ተዉት። ብቻውን ሲሸተት ይከብዳል፣ ሎሚ ሲነካው ግን ጣዕሙ ይከፈታል።

ሎሚው መጨረሻ ነው፤ ሦስት ማንኪያ፣ ዓሣው ከዘይት ሲወጣ የተጨመቀ። ትንሿ የኛ ሎሚ ከታይላንዱ ማናኦ ጋር አንድ ዘር ስለሆነች እሷን ምረጡ። ጠዋት ጨምቆ ማታ ማቅረብ ግን አይሆንም፤ መራራነት ይገባዋል። ማጥቀሻው መጀመሪያ ኮምጠጥ፣ ቀጥሎ ጨው፣ በመጨረሻ ጣፈጥ ማለት አለበት። ዓሣው ላይ እንዳታፈሱት፤ በትንሽ ሳህን ለየብቻ አቅርቡ፣ እያንዳንዱ ሰው ቁራሹን አጥቅሶ ይብላ። የተረፈውን ማጥቀሻ ዛሬውኑ ጨርሱት።