ቀሪውን ከታች ወደ ላይ አንብቡ!

በዛሬው የሒሳብ አምዳችን የሁለትዮሽ ወይም የባይነሪ ቁጥርን ይዘን ቀርበናል። እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ!

እኛ የምንጽፈው በአስር ምልክቶች ነው፤ ከ0 እስከ 9። 345 ስንል 3 መቶ፣ 4 አስርና 5 አንድ ማለታችን ነው። ወደ ግራ በሄድን ቁጥር የቦታው ዋጋ አስር እጥፍ ያድጋል። ይህ አስርዮሽ ይባላል። ኮምፒውተር ውስጥ ያሉት ግን እንደ መብራት የሚበሩና የሚጠፉ በጣም ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። ከበራ 1፣ ከጠፋ 0። በቃ! ስለዚህ በሁለትዮሽ የቦታው ዋጋ በሁለት እጥፍ ያድጋል፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ ይቀጥላል።

ከሁለትዮሽ ወደ አስርዮሽ መቀየር ቀላል ነው። 1 ያለበትን ቦታ ዋጋ መደመር ብቻ ነው።

1101 = 8 + 4 + 0 + 1 = 13

ከአስርዮሽ ወደ ሁለትዮሽ ስንቀይር ደግሞ 0 እስኪደርስ ድረስ ለ2 እናካፍላለን፤ ቀሪውን በጎን እንጽፋለን።

13 ÷ 2 = 6 ቀሪ 1
6 ÷ 2 = 3 ቀሪ 0
3 ÷ 2 = 1 ቀሪ 1
1 ÷ 2 = 0 ቀሪ 1

ቀሪዎቹን ከታች ወደ ላይ ስናነብ 1101 ይሆናል። ከላይ ወደ ታች ያነበበ ተማሪ ግን 1011 ይጽፋል፤ እሱ ደግሞ 8 + 2 + 1 = 11 ነው። ማካፈሉን በሙሉ በትክክል ሠርቶ ኤክስ ማግኘት አያሳዝንም?

ለመሆኑ ለምን ከታች? 13 ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ተሰለፉ እንበል። 6 ጥንድ ይሆኑና አንድ ልጅ ብቻውን ይቀራል። ይህ የመጀመሪያው ቀሪ ነው፤ ዋጋው 1 ስለሆነ ቦታው በቀኝ ጫፍ ነው። 6ቱ ጥንዶች ሲጣመሩ አራት አራት ልጆች ያሉባቸው 3 ቡድኖች ይሆናሉ፤ የሚተርፍ ጥንድ የለም፣ 0። ከ3ቱ ቡድኖች ሁለቱ ተጣምረው ስምንት ልጆች ይሆናሉ፤ አንድ ባለአራት ቡድን ይተርፋል፣ 1። በመጨረሻ የስምንቱ ቡድን ብቻውን ይቀራል፣ 1። አያችሁ? የመጨረሻው ቀሪ ትልቁ ስለሆነ በግራ ይቀድማል።

እስቲ እናንተ ደግሞ 19ን ቀይሩ። ከዚያ መልሳችሁን ወደ አስርዮሽ መልሱት። 19 ከመጣ ጎበዝ! 25 ከመጣ ግን ከላይ ወደ ታች አንብባችኋል ማለት ነው።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!