የካምፕ ምሽት፦ ተረቱና እውነታው

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ሳንቃበር ወይም ጨነቅ ላይ ድንኳን የተከለ ሰው ቀኑን በምን ላሳልፍ ብሎ አይቸገርም። ገደሉ አለ፣ ዋልያው አለ፣ የሚወጣና የሚወረድ መንገድ አለ። የሚያስቸግረው ምሽቱ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ጀምበር በጋም ሆነ ክረምት ከ12 እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ ጨለማውም ቶሎ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ እስከ መኝታ ሦስት አራት ሰዓት ይቀራል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የምናሳልፈው ጨለማን ለማባረር በሚደረግ ትግል ነው፤ እሳት ይነዳል፣ አረቄ ይቀዳል፣ ሙዚቃ ይከፈታል። ከእነዚህ ልማዶች ጀርባ ያሉት እምነቶች አንዳንዶቹ ምሽቱን ያበላሹታል፤ አንዱ ደግሞ ሕይወት ያጠፋል።

ተረት፦ ምሽቱ የሚጀምረው ሲጨልም ነው።

እውነታ፦ የስሜን ምሽት የሚጀምረው 11 ሰዓት ገደማ ነው። ቀኑን ሙሉ ሜዳው ላይ ሣር ሲነጩ የዋሉት ጭላዳዎች በዚያ ሰዓት ወደ ገደሉ ጫፍ ይሰበሰባሉ። የሚያድሩት ነብርና ጅብ በማይደርስበት የገደል እርከን ላይ ነው። ግልገሎቹ እናታቸው ጀርባ ላይ ተለጥፈው፣ ወንዶቹ እየተቆጡ፣ መንጋው በቡድን በቡድን ቁልቁል ይወርዳል። በዚህ ሰዓት ድንኳን ውስጥ ዕቃ የሚያስተካክል ሰው የቀኑን ትልቁን ትዕይንት ያመልጠዋል። ስለዚህ ድንኳኑን 10 ሰዓት ላይ ተክሎ መጨረስና ወፍራም ልብስ ደርቦ ገደሉ አጠገብ፣ ከጫፉ ራቅ ብሎ መቀመጥ ነው።

ተረት፦ እሳቱ በተለቀ ቁጥር ይሞቃል።

እውነታ፦ ትልቅ እሳት ሰውን ወደ ኋላ ይገፋል። ፊት ይለበለባል፣ ጀርባ ይበርዳል፣ አብዛኛው ሙቀት ወደ ሰማይ ይሄዳል። ትንሽ እሳት ዙሪያ ተጠጋግቶ፣ ጀርባን በጋቢ ሸፍኖ የተቀመጠ ሰው የበለጠ ይሞቀዋል፤ ጨዋታውም አይበተንም። እሳት ማንደድ በተፈቀደበት ቦታ ቢሆን እንኳ እንጨቱን ከፓርኩ መልቀም አይገባም። የደጋው አስታ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ እሳት ቶሎ ይይዘዋል። በ2011 ዓ.ም. ስሜን ላይ የተነሳው ቃጠሎ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ አስቸግሯል። እንጨቱን ከከተማ ገዝቶ መምጣት፣ ከመኝታ በፊትም አመዱ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ውኃ ማፍሰስ ግዴታችን ነው።

ተረት፦ እሳት ካለ ጅብ አይጠጋም።

እውነታ፦ ጅብ ሰው አጠገብ መኖርን የለመደ እንስሳ ነው። ሐረር ላይ በችቦና በመኪና መብራት ፊት ከሰው እጅ ሥጋ ሲቀበል እናየዋለን። የሚያመጣው ሽታ ነው፤ እሳቱ ሲነድ ባይጠጋ እንኳ ሁሉ ሲተኛ ይመጣል። የሚጠብቀን ንጽሕና ነው፦ የተረፈ ምግብ፣ አጥንትና ያልታጠበ ድስት መኪና ውስጥ ወይም ጥብቅ ሣጥን ውስጥ ይግባ፤ የቆዳ ጫማም ውጭ አይደር። ምግብ ድንኳን ውስጥ አይቀመጥ፣ ዚፑም ተዘግቶ ይታደር። የጅብ ጩኸት ከቅርብ የተሰማ ቢመስልም አይደንግጡ። ድምፁ እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል። «ሳቁ» ደግሞ የደስታም የፌዝም አይደለም፤ ጅቡ ሲጨነቅ ወይም በሌላ ጅብ ሲገፋ የሚያሰማው ነው።

ተረት፦ ብርዱን የሚያባርረው አረቄ ነው።

እውነታ፦ አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል። ሞቃቱ ደም ወደ ቆዳ ሲወጣ ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን የውስጥ ሙቀቱን ለውጭው ብርድ እየሰጠ ነው። የግጭና የጨነቅ ካምፖች 3,600 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። በዚህ ከፍታ አልኮል ትንፋሽንና እንቅልፍንም ያውካል። ከመኝታ በፊት ትኩስ አጥሚት ወይም የዝንጅብል ሻይ መጠጣት፣ ደረቅ ካልሲ መቀየር፣ ጥብቅ ክዳን ባለው የብረት ኮዳ የተሞላ ሙቅ ውኃ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ ለሰዓታት ያሞቃል።

ተረት፦ ከሰሉ ከቀላና ጭሱ ካለቀ ድንኳን ውስጥ ቢገባ አይጎዳም።

እውነታ፦ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ያስታውስ። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ከሰል ጥሩ አድርጎ ቀልቶ፣ ጭስ የሚባል ሳይኖረው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል፤ ሰውነትም አየር እየሳበ ኦክስጅን ያጣል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ተራራ ላይ አደጋው እጥፍ ነው። 3,600 ሜትር ላይ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። በዚያ ላይ የጋዙ ምልክቶች፣ ማለትም ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ፣ ከፍታ ከሚያመጣው ሕመም ጋር አንድ ዓይነት ናቸው። «ከፍታው ነው፣ ልተኛበት» ብሎ የሚተኛ ሰው በሁለቱም በኩል ይሳሳታል። ድንኳኑን ትንሽ ከፈት ማድረግም ዋስትና አይሆንም። የከሰል ምድጃም ሆነ የጋዝ ምድጃ ድንኳን ውስጥ አይግባ፤ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ ቡና ለማፍላትም ቢሆን። ምድጃ ገብቶ ራሱን ያመመው ሰው ካለ ሁሉንም ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያም ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል።

ተረት፦ ኮከብ ለማየት ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል፤ ምርጡ ሌሊትም ጨረቃ የሞላችበት ነው።

እውነታ፦ ሙሉ ጨረቃ ባትሪ ሳይበራ ለመጫወት ትመቻለች፤ ሰማዩን ግን ታጥበዋለች። ፍኖተ ሐሊብን ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ ማየት የሚሻ ሰው ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ይምረጥ። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንዴ የበራ የስልክ ስክሪን ያን ሁሉ ያበላሸዋል። ባትሪውን በቀይ ስስ ፕላስቲክ መሸፈን ይበጃል፤ ቀይ ብርሃን ዓይንን ብዙም አያውክም።

ስሜን በሰሜን ኬክሮስ 13 ዲግሪ ላይ ስለሚገኝ፣ አውሮፓውያን የማያገኙት ዕድል አለን። በሚያዝያና በግንቦት ምሽት ፊትን ወደ ደቡብ ስናዞር «የደቡብ መስቀል» የሚባሉትን አራት ኮከቦች እናያለን፤ ወደ ሰሜን ስንዞር ደግሞ የሰሜን ኮከብን እዚያው ሌሊት እናገኛለን። ክንድን ዘርግተው ቡጢ ቢጨብጡ ስፋቱ 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ ከአንድ ቡጢ ትንሽ ብቻ ከፍ ይላል። የሰማዩ ደማቅ ኮከብ እሱ ነው የሚለውም ስሕተት ነው፤ ደማቁ ሲሪየስ ነው። ተራ ባይኖኩላር ያለው ሰው፣ ክርኑን ድንጋይ ላይ ካስደገፈ፣ ጋሊሊዮ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች በመስመር ተደርድረው ያያል። የአጥቢያ ኮከብ የምንላትም ኮከብ አይደለችም፤ ቬኑስ የምትባል ፕላኔት ናት። ንጋት ላይ የምትታየውም፣ በሌሎች ወራት ምሽት ላይ የምትታየውም እሷው ናት።

ተረት፦ ኮከብ ሲወድቅ ሰው ይሞታል።

እውነታ፦ የሚወድቅ ኮከብ የለም። አብዛኛው ተወርዋሪ ኮከብ የአሸዋ ቅንጣት የሚያክል የጠፈር ትቢያ ነው፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩን በከባድ ፍጥነት ሲሰነጥቅ ያበራል። በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 እና 5 ገደማ ምድር ፌተን የሚባል አስትሮይድ በተወው ትቢያ ውስጥ ታልፋለች። የእኛ ሰማይ በዚያ ወር ጥርት ያለ ነው። ተወርዋሪዎቹ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ መታየት ይጀምራሉ፤ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ይበረታሉ። ምንጣፍ አንጥፎ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በጀርባ መተኛት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ልጆች ካሉ ማን ብዙ እንደቆጠረ ይወዳደሩ።

ተረት፦ ያለ ስፒከር ምሽቱ አይደምቅም፤ እንቆቅልሽና ገበጣ የልጆች ናቸው።

እውነታ፦ ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ከሥር ያለው አየር ከላይኛው ይልቅ ይበርዳል፤ ያኔ ድምፅ ወደ ላይ ከማምለጥ ይልቅ ወደ መሬት ይታጠፋል። ለእኛ መጠነኛ የመሰለን ሙዚቃ ሸለቆውን ተሻግሮ የሌላውን እንቅልፍ ይነሳል፤ አራዊቱንም ያውካል።

እንቆቅልሽ ከአዋቂ ጋር ሲሆን ይጠነክራል። ጠያቂው «እንቆቅልህ!» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ?» ብሎ ይቀበላል። መልሱ ከጠፋበት «አገር ስጠኝ» ይባላል። የተሸነፈው ጎንደርን ሲሰጥ ጠያቂው አይበቃኝም ይላል፤ ሐረርን ይጨምራል፤ በመጨረሻ አገሩ ተወስዶ፣ የተሸነፈው በሰው ፊት ተወርፎ መልሱ ይነገራል። አብረዋችሁ የወጡት ስካውት፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ነጂ ከእኛ ከከተሜዎቹ የበለጠ ያውቃሉና ወደ እሳቱ ይጠሩ፣ ቡናም ይቀዳላቸው። ገበጣም ቀላል አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ከመቶ በላይ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግቧል። ሰሌዳ ባይኖር ባዶ የእንቁላል ካርቶን ይበቃል፤ ሁለት ረድፍ፣ በረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ አራት ጠጠር። ቆጥሮ የማይጫወት ይሸነፋል።

ከመውጣታችሁ በፊት እንግዲህ የጨረቃዋን ቀን እዩ። ሻንጣ ውስጥ ጋቢ፣ ባይኖኩላር፣ በቀይ የተሸፈነ ባትሪ፣ ኮዳና የአጥሚት እህል ክተቱ። ስፒከሩ ቤት ይቅር። ከሰል ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ እራት ሲያልቅ ማን እንደሚያጠፋው ገና ጀምበር ሳትጠልቅ ወስኑ፤ ያ ሰው የመጨረሻው ፍም እስኪጠፋ ድረስ አይተኛ።