ቤዝ ጊታር በሚክላት ውስጥ፦ በትንሽ ገንዘብ የሚበቃ ድምፅ ማጉያ እንዴት ይመረጣል?



እኔ የ16 ዓመት ተማሪ ነኝ። የተወለድኩት እስራኤል፣ ያደግኩት ሐዴራ፣ ነቬ ሐይም ሰፈር ነው። የምማረው በዕብራይስጥ ስለሆነ አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነው። ይህን ስጽፍ አያቴ አጠገቤ ተቀምጠው ቃል ሲጠፋኝ ይነግሩኝ ነበር። እንዲያም ሆኖ ስሕተት ካገኛችሁ ይቅር በሉኝ።

በቅርስ ክፍላችን «ከቤተሰባችሁ ጋር የሚያከራክራችሁን አንድ ነገር አስረዱ» ተባልን። በእኛ ቤት የሚያከራክረው አንድ ጥቁር ሣጥን ነው። ሣጥኑ የቤዝ ጊታር ድምፅ ማጉያ ነው፤ እኛ ልጆች «አምፕ» እንለዋለን። እናቴ «ጊታሩን ገዛሽ፤ አሁን ደግሞ ከጊታሩ የሚበልጥ ገንዘብ ለሣጥን?» አለችኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ልጆቻችሁ እንዲህ ያለ ዕቃ ሲጠይቋችሁ ገንዘባችሁ በከንቱ እንዳይጠፋ፣ የተማርኩትን በተራ እነግራችኋለሁ።

ሣጥኑ ለምን ያስፈልጋል?

ክራርን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክራር ቆዳ የተወጠረበት ገበቴ አለው። ክሩ ሲመታ ድምፁን የሚያጎላው ያ ገበቴ ነው። ገበቴውን ብታነሡት የሚቀረው እንጨትና ክር ብቻ ነው፤ ድምፁ ከክፍሉ አይወጣም። ቤዝ ጊታር ገበቴ የሌለው ክራር ማለት ነው። አካሉ ድፍን እንጨት ነው፤ አራት ወፍራም ክሮች አሉት። ያለ ኤሌክትሪክ ቢመቱት አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ብቻ ይሰማዋል። ስለዚህ አምፑ ትርፍ ዕቃ አይደለም፤ የመሣሪያው ግማሽ አካል ነው። ይህን ለእናቴ በክራር ምሳሌ ስነግራት ነው መጀመሪያ የሰማችኝ።

ቤዝ በእኛ ሙዚቃም እንግዳ አይደለም። በደርግ ጊዜ በአዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት የነበረው ዋሊያስ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ነበረው፤ መላከ ገብሬ ይባላል። የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ደግሞ ጆቫኒ ሪኮ ነበር። ቤታችሁ ያሉትን የድሮ ካሴቶች ስትሰሙ ከዘፋኙ ድምፅ ሥር የሚሄደው ወፍራም ድምፅ ቤዝ ነው። ችክችካ ሲመታ ከበሮውና ቤዙ አብረው ካልሄዱ እስክስታ የሚወርደው ሰው ትከሻውን የት እንደሚጥል ግራ ይገባዋል።

ወፍራም ድምፅ ለምን ብዙ ኃይል ይፈልጋል?

በስግድ በዓል ቄሶቻችን ነጋሪትና ቃጭል ይዘው ሲጸልዩ አይተናል። ቃጭሉ ትንሽ ነው፤ በቀላሉ ቢመታ ጥርት ብሎ ይሰማል። ነጋሪቱ ግን ትልቅ ነው። ወፍራም ድምፅ ለማውጣት ሰፊ ቆዳ ብዙ አየር መግፋት አለበት። የሰውም ጆሮ ቀጭኑን ድምፅ ከወፍራሙ ይልቅ በቀላሉ ይሰማል።

የቤዝ ወፍራሙ ክር በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህ በጣም ዝቅ ያለ ድምፅ ነው። ስለዚህ በአንድ ባንድ ውስጥ ለተራው ጊታር 30 ዋት ሲበቃ፣ ለቤዝ ግን 200 ወይም 300 ዋት ሊያስፈልግ ይችላል። ዋት የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ ነው። «ጊታር ተጫዋቹ በትንሽ አምፕ ይጫወታል፤ አንቺስ ለምን?» ለሚለው የአጎቴ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

እኔ የተሳሳትኩት እንዴት ነው?

ባንዳችን አምስት ልጆች ነን። ዘፋኝ፣ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ድራምና እኔ። የምንለማመደው ፈቃድ ተሰጥቶን በሰፈራችን ሚክላት፣ ማለትም በሕዝብ መጠለያው ውስጥ ነው። እናቴ በሰጠችኝ 400 ሸኬል መጀመሪያ የገዛሁት 15 ዋት ያለው ትንሽ አምፕ ነበር። መኝታ ቤቴ ውስጥ ሲሰማ ደስ ይል ነበር። ሚክላት ገብተን ድራሙ ሲጀምር ግን ጠፋሁ። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርኩት። ድምፁ መንተፋተፍ ጀመረ፤ በሁለተኛው ሳምንት የስፒከሩ ወረቀት ተቀደደ።

ከዚያ ወንድሜ «የቤቱን ቴፕ እንጠቀም» አለ። ቤዙን ከሳሎን ስፒከር ጋር አገናኘን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተቃጠለ ሽታ ሸተተን። የቤት ስፒከር የተቀረጸ ዘፈን ለማሰማት የተሠራ ነው፤ ከክር በቀጥታ የሚመጣውን ድንገተኛ ምት አይችልም። በተራ ጊታር አምፕም ቤዝን ጮክ አድርጎ መጫወት እንዲሁ ስፒከሩን ያበላሻል። አባቴ ያን ቴፕ የገዛው ለእኅቴ ባት ሚፅቫ ነበር። አልተቆጣኝም፤ ዝም አለ። ዝምታው ከቁጣ የባሰ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ሳላጠና ምንም አልገዛም ያልኩት።

ሦስት ዓይነት ምርጫ

የመጀመሪያው ኮምቦ የሚባለው ነው። ማጉያውም ስፒከሩም በአንድ ሣጥን ውስጥ ነው። ለጀማሪ ቀላሉና ብዙ ጊዜም ርካሹ ይህ ነው።

ሁለተኛው የተለያየ ነው፤ ማጉያው ለብቻ፣ የስፒከሩ ሣጥን ለብቻ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል፤ በኋላም ሁለተኛ ሣጥን መጨመር ይቻላል። ክላስ ዲ የሚባሉት ዘመናዊ ማጉያዎች በጣም ቀላል ናቸው፤ በትምህርት ቤት ቦርሳ የሚገቡ አሉ።

ሦስተኛው በሰርግ ላይ ዘፋኞች የሚጠቀሙበት ማጉያው በውስጡ ያለ ትልቅ ስፒከር ነው። ባንዱ አስቀድሞ ካለው፣ በመካከል ትንሽ ማስተካከያ ዕቃ አግብቶ ቤዙን በእሱ ማሰማት ይቻላል። ነገር ግን ዘፋኙና ቤዙ አንድ ስፒከር ሲጋሩ የዘፋኙ ቃል ይድበሰበሳል። ስለዚህ ለቤዙ የራሱ ቢኖር ይሻላል።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ?

ሻጮች የሚጠሩት ዋት ብቻ ነው። እኔም 200 ዋት የ100 ዋት እጥፍ ይጮኻል ብዬ አስብ ነበር። እንዲህ አይደለም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን ያውቀዋል፣ ነገር ግን ትንሽ ነው። ድምፁ ለጆሯችን እጥፍ እንዲመስል 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ በ150 እና በ200 ዋት መካከል ላለው ልዩነት ብዙ ገንዘብ መጨመር ጥቅም የለውም።

ከዋቱ እኩል የሚያስፈልገው የስፒከሩ ስፋትና ብዛት ነው። አንድ 15 ኢንች ወይም ሁለት 10 ኢንች ስፒከር ከአንድ 8 ኢንች ብዙ አየር ይገፋል። በወረቀቱ ላይ ስፒከሩ በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ተጽፎ ይገኛል። 97 የሚል ስፒከር 94 ከሚለው ጋር ሲነጻጸር ዋቱን እጥፍ እንደማድረግ ነው። ዋጋው ግን ሁልጊዜ እጥፍ አይደለም።

ሌላው ኦም ነው። ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም ይለካል። ሁለት ባለ 8 ኦም ሣጥኖች ጎን ለጎን ሲገናኙ 4 ኦም ይሆናሉ። በማጉያው ጀርባ «ከ4 ኦም በታች አይሁን» ተብሎ ከተጻፈ ሦስተኛ ሣጥን መጨመር ማጉያውን ሊያቃጥለው ይችላል።

ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ

ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ከአዲስ ደካማ ያገለገለ ጠንካራ ይሻላል። ነገር ግን ከመክፈላችሁ በፊት፦

ልጁ የራሱን ጊታር ይዞ ይሂድ፤ ወፍራሙን ክር ጮክ አድርጎ አሥር ደቂቃ ይምታ። ስፒከሩ ቢንኮሻኮሽ ወይም የተቃጠለ ነገር ቢሸት አትግዙ።

ቁልፎቹን ሁሉ አዙሩ። ሲዞሩ ብቻ ጭር ጭር ካሉ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፤ ይጸዳል፤ ለዋጋ መቀነሻም ይሆናል።

ጀርባውን አንብቡ። የእስራኤል ኤሌክትሪክ 230 ቮልት ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው ባለ 120 ቮልት ዕቃ እዚህ ቢሰካ ይቃጠላል።

ልጁ ራሱ ሣጥኑን ያንሣው። ካላነሣው የሚሸከመው አባት ነው።

አንድ ነገር አደራ። ድምፅ ማጉያ ሲበላሽ በቤት አትክፈቱት። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል። ባለሙያ ይክፈተው።

ሚክላቱና ጎረቤቶች

ለእኛ ባንድ ክብደት ዋናው ነገር የሆነበት ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ከኢራን ጋር ጦርነት በነበረበት ጊዜ ሚክላቱ በእኛ ዕቃ ተሞልቶ ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት ሰው ሁሉ ልጆቹን አቅፎ ሲገባ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን በእኔ ሽቦ ተጠልፈው ሊወድቁ ሲሉ እናቴ ያዘቻቸው። አፈርኩ። ሚክላቱ የተሠራው ለነፍስ ማዳኛ እንጂ ለባንድ አይደለም። ከዚያ ወዲያ ዕቃችን ሁሉ ጎማ ባለው ጋሪ ላይ ይሆናል፤ ልምምድ ስንጨርስ ይወጣል፤ በር ላይ ሽቦ አይዘረጋም።

ስለዚህ በመጨረሻ በበጋ ሠርቼ ባጠራቀምኩት 1,600 ሸኬል ያገለገለ ባለ 200 ዋት ኮምቦ ገዛሁ። ሁለት 10 ኢንች ስፒከሮች አሉት፤ ብቻዬን ወደ ጋሪው አነሣዋለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ኃይል ያለው በዚያው ዋጋ አግኝቼ ነበር፤ ግን ለሁለት ሰው ሸክም ስለነበር ተውኩት።

የሚክላት ግድግዳ ሲሚንቶ ስለሆነ ወፍራሙ ድምፅ በየጥጉ ይጠራቀማል። አምፑን ከጥግ አርቀን፣ ወንበር በሚያህል ነገር ላይ ከፍ አድርገን ስናስቀምጠው ድምፁ ጠራ፤ እኔም ራሴን ስለሰማሁ ቁልፉን ቀነስኩ።

ጆሮንም መጠበቅ አለብን። ብዙ ባለሙያዎች እንደሚመክሩት 85 ዴሲቤልን እስከ ስምንት ሰዓት መስማት ይቻላል፤ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ድራም ባለበት ዝግ ክፍል ይህ በቀላሉ ይደረሳል። ወላጆች፣ ለአምፑ ገንዘብ ስትሰጡ የጆሮ መድፈኛውን ዋጋ አብራችሁ ስጡ። የተበላሸ ስፒከር ይቀየራል፤ የተበላሸ ጆሮ ግን አይመለስም።

ልምምዳችን በሳምንት ሁለት ቀን ነው። ሰው በሚያርፍበት ሰዓትና በሰንበት አንጫወትም። ሊወድቁ የነበሩት ሽማግሌ ባለፈው ወር መጥተው በር ላይ ተቀመጡ። ትዝታ እየተለማመድን ነበር። ሲጨርስ «ከበሮውን ቀንሱት፤ ያ ወፍራሙ ግን ይሁን» አሉን። ወፍራሙ የእኔ ነው። ለእናቴ ነገርኳት፤ ሳቀች።

እናንተም መጥታችሁ ብትሰሙን ደስ ይለናል። የጆሮ መድፈኛ በበሩ አጠገብ በቆርቆሮ ውስጥ አለ።